እስከ ክርን ድረስ ጥጥ ስለሆነው ፍራሽ

ለተከበሩ አቶ አለምብርሃን፣
የንግድ ማስታወቂያዎች ፈቃድ ክፍል ሹም
ድሬዳዋ፣ ሰኔ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ የሰኔ ሙቀት እንደኛ ያለውን ሠራተኛ ብቻ አድክሞ፣ እርስዎን ግን ወንበርዎና ማራገቢያዎ በደኅና እንዲያቆዩልን እመኛለሁ። እኔ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ፍራሽ የምሰፋው ኻድራ ዳሂር ነኝ። ማስታወቂያዬን ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ እንዳነሣ፣ ደግሞም «ከተፎካካሪ መማር የሥልጣኔ ምልክት ስለሆነ የአቶ ክፍሌን ማስታወቂያ አጥንታ የራሷን ታሻሽል» ሲሉ ባለፈው ወር የጻፉት ትእዛዝ ደርሶኛል። ምክርዎን እንደ ታላቅ ወንድም ምክር ተቀብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥንቻለሁ። የጥናቴንም ውጤት ሕዝብ አብሮ እንዲያነበው ብዬ ደብዳቤዬን ግልጽ አድርጌዋለሁ።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፉ፣ ደንበኞቻችን ሴት የሞላችው ፍራሽ በወሩ ይሟሽሻል እያሉ ሸሹን። እናቴ ኹርሲና እኔ ጥጡን ነድፈን፣ ሰፍተን፣ ገዢ አጥተን ተቀመጥን። ስለዚህ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ፦ «አባቴ ካረፉ ወዲህ ፍራሹን የምሞላው እኔ ነኝ። ያላመነ ጥጉን ያስተርትር፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ጥጡን ይመልከት፤ መልሼ እሰፋለሁ።» ሰው መጣ፣ አስተረተረ፣ ገዛ። ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ እንኳ ግመል ይዘው የመጡ አሉ። ቤታችን ቀና ያለው በዚያች ወረቀት ነው።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ የከዚራ ሰፈሩ ፍራሽ ነጋዴ አቶ ክፍሌ ወልደማርያም ይህንኑ ቃል በቃል ገልብጠው በትልልቅ ፊደል ለጠፉት። ከትምህርት ጉጉታቸው የተነሣ «አባቴ ካረፉ ወዲህ» የሚለውን እንኳ አላስቀሩም። አባታቸው ግን በሕይወት አሉ። ወረቀቱ በተለጠፈበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደራሽ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃቸው ሲሞላ፣ ሽማግሌው ራሳቸው በር ከፍተው ማን እንደሞተ ጠየቁ። የክፍሌ አባት ናቸው ቢሏቸው፣ ክፍሌ ሌላ አባት አለው ወይ ብለው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሽታዬን አፋጠጡ አሉ። በዚያ ማስታወቂያ ላይ ያረፈው የእርስዎ ማኅተም ነው። ማኅተም ማንበብ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ማኅተሙን የያዘው እጅ ግን ሳያነብ የሚመታ አይመስለኝም ነበር።

ሁለተኛ፣ የእኔ ወረቀት ከእሳቸው ስድስት ወር ቀድሞ ተለጥፎ ሳለ፣ ሁለት ተመሳሳይ ማስታወቂያ ሕዝብ ያደናግራል ተብሎ የተነሣው የእኔ ሆነ። አቶ ክፍሌም ቢሮዎ ድረስ መጥተው ገለበጠችኝ ብለው ከሰሱኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባላል፤ የኔን አድርቀውታል። እርስዎም ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን ቀን ለማየት አንገትዎን ዝቅ ማድረግ ስለከበደዎት አልፈርድብዎትም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። በትእዛዝዎ መሠረት ልማር ብዬ አክስቴን ዓምራንን ላክሁና ከአቶ ክፍሌ ሱቅ አንድ ፍራሽ ገዛች። ጥጉን አስተረተረች፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች፤ ነጭ፣ በደንብ የተነደፈ ጥጥ ነው። ቤት አምጥተን መሃሉን ስንቀደው ግን ገለባና የጆንያ ብጭቅጫቂ ወጣ። ክቡር ሆይ፣ ሰውዬው በእውነት አጥንተውኛል። እስከ ክርን ስላልኩ እስከ ክርን ሞሉት። ሰው እንዲያምነኝ የጻፍኩትን ቃል፣ ሰው እስከ የት እንደሚፈትሽ መለኪያ አደረጉት። ገለባውን ሳይ ከንዴት ብዛት አለቀስኩ። ከእንግዲህ በዚያ ፍራሽ ወገቡ የተቀጠቀጠ ደንበኛ ያንኑ ቃል በኔ ደጅ ቢያነብ በምን ያምነኛል? እርስዎ ሥልጣኔ ያሉት ይህንን ነው።

ቢሆንም ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ተምሬአለሁ። ከተፎካካሪዬ ያገኘሁትን እውቀት ጨምሬ ያሻሻልኩትን ማስታወቂያ ለማኅተምዎ አቅርቤአለሁ፦ «ፍራሽ ከኔም ሆነ ከሌላ ስትገዙ ጥጉን ተዉት። መሃሉን አስቀድዱ። እምቢ ካለ ሻጭ አትግዙ።» አቶ ክፍሌ ይህንንም እንዲገለብጡ ሙሉ ፈቃዴን ሰጥቻለሁ፤ ቃል በቃል ቢያደርጉት ደስታዬ ነው።

የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ ሌት ተቀን የምትመኝልዎ፣ በጥበብዎ የተማረች ታዛዥዎ

ኻድራ ዳሂር፣ ፍራሽ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከአቶ ክፍሌ ሱቅ የወጣ ሰፊ ፍራሽ በጋሪ ተጭኖ ቤትዎ ሲገባ የሰፈሩ ሰው አይቷል። ተገዝቶ ይሁን ተሰጥቶ አልጠይቅም። መቀስ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ፤ ሰው የሚተኛው ጥጉ ላይ ስላልሆነ ከየት እንደሚጀምሩ አይጠፋዎትም።