የመካሪዋ መርፌ

ጥቅምት 12

ሚካኤል ነው፤ እርሻም ወፍጮም የለም። ሴቶቹ ጤና ኬላው ግቢ ተሰበሰቡልኝ። ዐሥራ አራት። ነፍሰ ጡር ሦስት ወር ሳያልፋት ደሟ ይታይ፣ ቂጥኝ እናቲቱን ሳያማት ፅንሱን ይገድላል፣ በመርፌ ግን ይድናል... ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ስድስት ዓመት ያልኩት ነው፤ እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣዋለሁ። ታየች የምትባለው፣ እሷም እርጉዝ ናት፣ ሆዴን አየት አድርጋ፣ "አንቺስ እቴ፣ ተመረመርሽ?" አለችኝ።

"ታዲያስ።"

ዋሸሁ። አራት ወሬ ነው። አንዲት ጠብታ ደም አልሰጠሁም።

ጥቅምት 15

አልሄድኩም። ሐሙስ ሪፖርት ነበረብኝ፣ ትናንት ጾም ነው፣ ዛሬ ዝናብ የሚመጣ መስሎኝ። አልመጣም። ሌላ ሴት እንዲህ ብትለኝ በቁጣ አስለቅሳት ነበር።

እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ ማን ያየዋል... ጤና ጣቢያው ውስጥ ደም የምትቀዳው ምስጢር ናት፣ አዋላጇ። ስሟ እንጂ ምስጢር፣ አፏን አላምነውም። ቢገኝብኝስ? "መካሪዋ ራሷ..." ሲባል ካሁኑ ይሰማኛል። አስናቀው ቢኖር ይገፋፋኝ ነበር? ባሌ ሳንጃ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው። ሲደውል የሚጠይቀኝ ስለ በሬው ነው።

ጥቅምት 20

ጎንደር ወረድኩ፤ ማንም ወደማያውቀኝ የግል ክሊኒክ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ሌላ ተከናናቢ። እሷ ወደ ግድግዳው፣ እኔ ወደ በሩ። ስም ሲጠራ... ታየች!

"ምነው እዚያው አገራችን ብትመረመሪ?" አልኳት። አፌ እኮ ልማዱን አይተውም።

"አንቺ እንዳታውቂብኝ ነዋ።" ነጠላዬን እያየች፣ "አንቺስ ከማን ተደብቀሽ ነው?"

ስድስት ዓመት ሙሉ ሴቶቹን ያስተማርኳቸው ለካ ከእኔ መደበቅን ነው።

የእሷ ነጻ ሆነ። የእኔ... ቂጥኝ አለብኝ። ሐኪሙ መርፌው እነሱ ጋ አልቋል፣ ቅርብሽ ያለው ጤና ጣቢያ ሂጂ አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ በመኪና ሸሽቼ፣ ወደ ምስጢር ልመለስ ነው።

ጥቅምት 21

አምና በሰባት ወሬ ሞቶ የተወለደው ልጄ። ለጠየቀኝ ሁሉ "ዳገቱ ነው" ብዬ ነበር። ያኔም አልተመረመርኩም። ዳገቱንማ ሁሉም ሴት ትወጣዋለች...

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 24

ሰኞ። ምስጢር በሩን ዘጋች። ውጤቱን አነበበች፤ ፊቷ አልተለወጠም። በየሰኞው አንድ፣ ሦስት መርፌ ነው አለች። አስናቀውም መወጋት አለበት፣ ያለዚያ መልሶ ይይዘኛል። ይህን ለሰው የምናገረው እኔው ነኝ፤ እንደ አዲስ ሰማሁት። ከዚያ ሆዴ አልችል አለ፤ አንቺን ፈርቼ ጎንደር ሄጄ ነበር አልኳት። ሳቀች።

"እኔም ሁለተኛዬን ሳረግዝ ደባርቅ ሄጄ ነው የተመረመርኩት" አለች። "የአንቺን አፍ ፈርቼ።"

የእኔን አፍ...

እያነከስኩ ቤቴ ገባሁ። ያማል ለካ። "እንደ ትንኝ ንክሻ ነው" እያልኩ ስንቷን ሸነገልኩ?

ኅዳር 9

ሦስተኛውን ትናንት ተወጋሁ። አስናቀው ነገ ይገባል። እንዴት ልንገረው? ለባል እንዴት እንደሚነገር የሚያስረዳ መመሪያ አለኝ፣ ሥዕል ያለው። ሥዕሉ ላይ ባልየው ፈገግ ብሏል።

ኅዳር 11

ነገርኩት። ፈገግ አላለም።

"ከማን ነው?" አለ።

"አላውቅም። አንተ በየዓመቱ ሳንጃ ትከርማለህ። እኔም ከአንተ በፊት ባል ነበረኝ።"

መሬት መሬቱን እያየ፣ "የአምናው ልጅ... በዚህ ነው?"

"ይመስለኛል።"

ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ወንድሙ ቤት ነው አሉ።

ኅዳር 13

አስናቀው ገበያ ላይ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ቀየረ። "ባሎቻችሁን ይዛችሁ ኑ" እያልኩ ነበር እኮ እናቶቹን... ባል እንደ ፍየል በገመድ የሚመጣ መስሎኝ።

ኅዳር 15

ለሪፖርት ጤና ጣቢያ ስሄድ አስናቀውን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ብቻውን መግባት አፍሮ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል መሰለኝ፤ ዘበኛው ወንበር አውጥቶለታል።

"ግቢና ንገሪልኝ" አለ።

ነገርኩለት። ኩንታል የሚሸከም ሰው መርፌውን ሲያይ እጄን ጨምድዶ ያዘ። አልሳቅኩም። ትንሽ ሳቅኩ።

ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ሴቶቹን ሰበሰብኩ። የለመድኩትን ጀመርኩና መሐል ላይ ተውኩት። አስናቀውን አስቀድሜ አስፈቅጄዋለሁ፤ "ለልጁ ከሆነ ተናገሪ" ብሎኛል። ቂጥኝ እኔንም አግኝቶኝ ነበር፣ ተወግቻለሁ፣ ባሌም ተወግቷል አልኳቸው። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ ማን ይሰማኛል ስል... ሲበተኑ ሦስት እርጉዞች ቀሩ። ነገ ለምርመራው አብረሻቸው ሂጂ አለችኝ ታየች፣ እንደ አለቃዬ።

መጋቢት 17

ስድስት ቀኗ። ሴት ናት። ምስጢር ናት ያዋለደችኝ። ደሟ ታይቷል፣ ለጊዜው ሸጋ ነው፤ እስኪረጋገጥ ድረስ በየሦስት ወሩ ይታያል ተብሏል። ቀጠሮውን አስናቀው ስልኩ ላይ መዝግቦታል።

ልጅቱ ትጮኻለች። ጡት ስሰጣት ትጮኻለች፣ ስነሣትም ትጮኻለች። ዛሬ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። አስናቀው ይቅርታ ጠየቀ። እኔ አልጠየቅሁም። አምና ከዚህ ቤት ምንም ድምፅ አልተሰማም።

ትጩህ።