ለማሽኑ ቀን ሲነግሩ የኖሩት የወይዘሮ ተሻለች ሰንበታ የሕይወት ታሪክ

አርሲ ነገሌ ገበያው አጠገብ፣ ከእህል ነጋዴው ከአቶ ሰንበታ ዋቆና ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘርፉ አብተው ቤት፣ በ1939 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ወይዘሮ ተሻለች ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ኩየራ ተማሩ። በ1957 ዓ.ም. ናዝሬት መጥተው ታይፕ ከለመዱ በኋላ በአንድ የመንግሥት ጭነት ማመላለሻ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። እጃቸው ፈጣን ነበር፤ ምላሳቸውም ከእጃቸው አይተናነስም።

በ1963 ዓ.ም. የከባድ መኪና ሾፌሩን አቶ ገሠሠ ወልደአማኑኤልን አገቡ። ልጅ አልወለዱም። ሆኖም አቶ ገሠሠ ከሻሸመኔ መንገድ በተመለሱ ቁጥር ሳቃቸው እስከ ጎረቤት ይሰማ እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በ1977 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲመጣ፣ አዲስ አበባ ሄደው እንዲሠለጥኑ የተመረጡት እሳቸው ነበሩ። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ጠዋት ሲከፍቱት ዛሬ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። የእኛን ቀን ቢነግሩት እምቢ አላቸው። ለካ ለእሱ ዓለም የተፈጠረችው በፈረንጆች 1980 ኖሯል፤ ከዚያ በፊት ያለ ዓመት አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቀኑን ወደ ፈረንጅ እየለወጡ ይነግሩት ነበር። የእኛም 1980 ደርሶ እንቁጣጣሽ ሲያልፍ፣ የሐበሻውን ቀን ሞከሩበትና ተቀበላቸው። «በቃ፣ ሐበሻ ሆነልን!» ብለው ቢሮውን አሳቁት። ጥቅምት 30 ሲደርስ ግን ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ መስሎት እንዲህ ያለ ቀን የለም አላቸው። እሳቸውም እየተበሳጩ ወደ ፈረንጁ ተመለሱ።

በዚያው ዓመት በጥር፣ አቶ ገሠሠ ከነመኪናቸው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ስንቅ እንዲያደርሱ ታዘዙ። ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤያቸው ተቋረጠ። ሞቱ የሚል መርዶ አልመጣም፤ ተማረኩ የሚል ወሬም አልተሰማ። ጎረቤት ለቅሶ መድረስ አልቻለም፤ ተዝካር እንዳይወጣም የሞቱበት ቀን አይታወቅም። ወይዘሮ ተሻለች ጥቁር አልለበሱም። ሰው ሲጠራቸው ግን መሄድ ተዉ፤ ምናልባት ባለቤታቸው ሲመጡ ቤቱን ዝግ እንዳያገኙት። እራታቸውን ብቻቸውን ይበሉ ነበር። ብቸኝነቱ በጣም ጎዳቸው።

በ1981 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ጂብሪል በማሽኑ ውስጥ ያለው የሳምንቱ ሥራ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ይዞ አገኙት። ማሽኑ ቀን ካልነገሩት ራሱ የሚጀምርበትን ቀን ይይዛል፤ ያም የፈረንጆች 1980 የመጀመሪያ ቀን፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው።

«እትዬ ተሻለች፣ ቀኑን መንገር ረሱ እንዴ?» አሏቸው።

«አልረሳሁም። ያን ቀን ገሠሠ ቤቱ ነበር። እሱ ከሄደ ወዲህ ያለውን ቀን በአፌ መጥራት አቃተኝ» አሉ።

ጓድ ጂብሪል አልተቆጧቸውም። በማግሥቱ ወይዘሮ ተሻለች ሥራውን ሁሉ ራሳቸው አስተካከሉ።

ዘንድሮ በመስከረም የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። እህታቸው ወይዘሮ በላይነሽ ስለ አቶ ገሠሠ ተዝካር ደግመው ደጋግመው ቢለምኗቸውም፣ በቁሙ አልገድለውም እያሉ እምቢ ሲሉ ቆይተው ነበር። በመጨረሻ ግን አልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ገሠሠ በሕይወት ካለ ከቀብሬ አይቀርም። ካጣችሁት የእኔን ቀን ስጡት» አሉ። ኅዳር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

እህታቸውንና የእህታቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። ባለቤታቸውን ከቀሩት ጋር እንጻፋቸው ወይስ ከሄዱት ጋር፣ እኛ ቤተ ሰቦቻቸው አላወቅንም። ይህ እስኪነበብ ድረስ መንገዱን እናያለን። ካልመጡ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን በሚወጣው የአርባ ቀን ተዝካር የሁለቱም ስም ይጠራል።

ፈጣሪ የወይዘሮ ተሻለችን ነፍስ ተጠባብቆ መቅረት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን። አቶ ገሠሠን ከመካከላችሁ ያየ ሰው ካለ፣ ፍትሐቱ ሳያልቅ ይንገረን።