ምንጭ መጠየቅ ስለሚያስቀጣበት ኮሌጃችን ለክቡር ዲናችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የኮሌጃችን ዲን፣
ባሉበት፣ ማለትም በአብዛኛው በስብሰባ ላይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ባለፈው የምረቃ ንግግር ላይ ደጋግሞ የደረቀው ጉሮሮዎ እንደ ተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በታችኛው ፎቅ የምንገኝ መምህራን፣ ዝናብ ሲጥል ጣሪያው የሚያወርድብንን ጨምሮ ከላይ የሚመጣውን ሁሉ በጸጋ እየተቀበልን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ ለላክኋቸው መልስ በማጣቴ ቅር ተሰኝቼ እንዳይመስልዎ። ጸሐፊዎ በሚታወቁበት ትሕትና «ጉዳዩ እየታየ ነው» ብለውኛል። የሚታይ ነገር ከሆነ ብዙ ሰው ቢያየው ይሻላል ብዬ ነው።

ጉዳዩ የአንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጉዳይ ነው። ይህች ልጅ የቤት ሥራዋን በትክክል በመሥራቷ ከትምህርት ገበታ ታግዳለች፤ ሰኞ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ ጥፋተኛ ከተባለች ደግሞ ጭራሽ ትሰናበታለች። የቤት ሥራውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እንግዲህ እርስዎ ለዚህ ውጤት ያበረከቱትን ድርሻ ሳልዘረዝርና ሳላመሰግን ባልፍ ሆዴ አይችለውም።

አንደኛ፤ ስላልተጻፉት መጻሕፍት አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት እኔ የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። ተማሪዎች «እትዬ ዝም በሉ» የሚሏቸው የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊና እኔ ደግሞ ለዓመታት እሳትና ጭድ ነበርን፤ እሳቸው መምህራን የተዋሱትን መጽሐፍ እንደ ውርስ ይቆጥሩታል ይላሉ፣ እኛ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከመጽሐፍ ይልቅ ጸጥታ ይበዛል እንላለን። አንድ ቀን ታዲያ እኚህ ሴት ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ ተማሪዎችዎን የሚልኩብኝ በየትኛው ዓለም የታተመ መጽሐፍ ፍለጋ ነው ብለው ጮኹብኝ፤ ሲጮኹ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ለካ ተማሪዎቼ ለጽሑፋቸው ማጣቀሻ ሲያስፈልጋቸው ስልካቸው ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠይቀው ኖሯል። እሱም ለምኖት የሚያፍር ሰው አይወድምና፣ ማንም ያልጻፋቸውን መጻሕፍት ከነደራሲያቸው፣ ከነገጻቸው አደላቸው።

ልጆቹ መጻሕፍቱን መደርደሪያ ላይ ሲያጧቸው ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነው ብለው ለእርስዎ አቤት አሉ። እርስዎም ለሌላ ጉዳይ አይተንልዎ በማናውቀው ፍጥነት «ይገዙ» ብለው መሩበት። ግዥ ክፍሉም ይኸው እስከ ዛሬ በየስብሰባው «መጻሕፍቱ በመንገድ ላይ ናቸው» እያለ ሪፖርት ያቀርባል። ያልተጻፈ መጽሐፍ ተጭኖ እንዲመጣ ማድረግ የቻለ ሌላ ተቋም መኖሩን አልሰማሁም፤ ለዚህ አመራርዎ እጅ እነሳለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ማርከሩ። በዚያው ሰሞን እኔና እትዬ ዝም በሉ ጠባችንን ትተን በአንድ ክፍል አብረን ለማስተማር ተስማማን። ነገሩ ቀላል ነበር፦ እኔ ጥያቄውን አመጣለሁ፣ እሳቸው መልሱ የት እንደሚፈለግና የተገኘው መልስ እንዴት እንደሚመረመር ያሳያሉ። ይህን ማንም ብቻውን ሊያደርገው አይችልም፤ እኔ ተማሪዎቹን ፈልጉ ብዬ ስሰድ እንዴት እንደሚፈለግ አላሳየኋቸውም፣ እሳቸው ሊያሳዩ ሲዘጋጁ ደግሞ የሚፈልግ ተማሪ አይመጣላቸውም። በመጀመሪያው ሳምንት የመጡልን ሥራዎች ለታሪክ ይቀመጡ የሚያሰኙ ነበሩ። አንዱ በምንጭ ቦታ «ኢንተርኔት» ብሎ ጻፈ፣ ሌላው «ጓደኛዬ፣ በቃል» አለ። ሦስተኛዋ እኔኑ ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ጠቀሰችኝ፤ በጠቀሰችው ቀን እኔ የጠየቅሁት ጃንጥላዬን ማን እንደ ወሰደ ነበር።

ሴሚስተሩ ሲጋመስ ግን ልጆቹ ሌላ ሰው ሆኑ። ማን አለ፣ መቼ አለ፣ እሱስ ከየት አገኘው የሚሉት ጥያቄዎች ከአፋቸው አይጠፉም ነበር፤ አንዱማ ንግግሬን መሃል ላይ አስቁሞ «መምህር፣ ይቺን ከየት አገኟት?» አለኝ። ምንጭ አልነበረኝም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የእርስዎ ጽሕፈት ቤትም በዚህ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የአስተዳደር ሠራተኛ በመሆናቸው ክፍል ውስጥ ቆመው ማስተማር እንደማይፈቀድላቸው፣ ተቀምጠው «ማብራሪያ መስጠት» ግን እንደሚችሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ማርከርም የሚሰጠው ለመምህር ብቻ ስለሆነ በእኔ ፊርማ እየወጣ፣ እሳቸው ከወንበራቸው ሆነው ጻፍ የሚሉኝን እኔ ቆሜ ስጽፍ ከረምኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬም ማርከሩ በማን እጅ እንዳለ ለማረጋገጥ በየጊዜው በመስኮት ብቅ ይሉ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የሚጠብቀኝ ሰው በማግኘቴ ተጽናንቻለሁ።

ሦስተኛ፤ ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። እኔና ኃላፊዋ አንድ የቤት ሥራ ሰጠን፦ በግቢያችን በግድግዳ፣ በበር ወይም በሰሌዳ ላይ ከተጻፉት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን መርጣችሁ እስከ ምንጩ ተከተሉት አልን። አንዱ ተማሪ ክሊኒኩ በር ላይ ስለ እጅ መታጠብ የተጻፈውን መረጠና አጥብቆ ቢከተለው ደህና ጥናት ላይ አደረሰው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን ይታጠባል። ይህች ልጅ ግን የመረጠችው በዋናው በር ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ሰሌዳ ነው፦ «ከተመራቂዎቻችን 96 በመቶው በስድስት ወር ውስጥ ሥራ ይይዛሉ!»

ለምን ይህን መረጠች ብለው ጠይቀው አያውቁምና ልንገርዎ። ታላቅ ወንድሟ ከዚሁ ኮሌጅ ተመርቆ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጧል። አባቱ፣ አጎቱ፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ «መቶ ተመርቆ ዘጠና ስድስቱ ሥራ ሲይዝ አንተ ምን ሆነህ ነው?» ይሉታል። እሱም የሚመልሰው የለውም፤ ቁጥሩ በር ላይ ተጽፏላ! ምግብ ቀርቦ ሲጠራ በልቻለሁ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እህቱ ወንድሟ ሰነፍ አለመሆኑን ታውቃለች፣ ቁጥሩ ደግሞ ሰነፍ ነው ይላል፤ ከሁለቱ አንዱ እንደሚዋሽ ስለገባት ነው የተነሳችው።

ሄደች፤ ሕዝብ ግንኙነት ክፍልን ጠየቀች። ቁጥሩን ያገኘነው ከኮሌጁ ብሮሹር ነው አሏት። የብሮሹሩን አዘጋጅ ስትጠይቅ ከዓመታዊው ሪፖርት ነው ተባለች። ሪፖርቱን የጻፉትን የዕቅድ ክፍሉን ባለሙያ ስትጠይቃቸው እኒያ ቅን ሰው ስልካቸውን ከፍተው ፎቶ አሳዩዋት፤ ፎቶው የበሩ ሰሌዳ ነው። «በር ላይ ከተሰቀለማ ተረጋግጦ ነው ብዬ ነው» አሏት። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይሉ የነበሩ አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ኖሮ ድንቢጧን ይቅርታ በጠየቋት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ ብሎ እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እሷ ግን እሱስ ከየት አገኘው የሚለውን ጥያቄ በደንብ ይዛዋለችና ሰሌዳውን የሠራውን ማስታወቂያ ጻፊ ከሱቁ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ሰውዬው አልደበቀም። ከኮሌጁ የተሰጠው ወረቀት በቁጥሩ ቦታ ነጠብጣብ ብቻ ነበረው፤ ደውሎ ቢጠይቅ «ጥሩ የሚመስል ቁጥር አድርግበት» ተባለ። ቀለም እየነፋ ቁጥር የሚጽፍባቸው የተቆረጡ ካርቶኖቹ ደግሞ ዝናብ ገብቶባቸው አንድ ብቻ ተርፎ ነበር፦ ዘጠኝ። ዘጠኝ ሲገለበጥ ስድስት ይሆናል። «99 ብለው ውሸት ይመስላል፤ 69 ብለው ያንሳል፤ ለኮሌጁ አስቤ ነው» አላት።

ክቡር ዲን፣ እኔ በማስተማር ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ሥራ አላረምኩም። እኔና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ያለ ክርክር ሙሉ ማርክ ሰጠናት፤ ከጥሩዎቹ ሥራዎች ጋርም ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ለጠፍነው። እርስዎም በዚያ ሲያልፉ ቆመው አነበቡት። ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ቆመው ሲያነቡ ያየዎት ሁሉ ስለ ተደሰተ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

አራተኛ ሊሆን የሚገባው የመጸዳጃ ቤቱ ውሃ ነበር፤ ነገርን ነገር ያነሳዋልና ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ፍርድዎ ሚዛናዊነት። ጽሑፉን ባነበቡ ማግስት ልጅቷ «የተቋሙን ስም በማጉደፍ» ተከሳ ታገደች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ መጋዘን ተዛውረው የተሰባበሩ ወንበሮች እየቆጠሩ ነው። አብረን የምናስተምረው ክፍል «እስከሚጠና» ተዘጋ፤ ከእንግዲህ በግቢው ውስጥ ምንጭ የሚጠይቅ ተማሪም አስቀድሞ ከጽሕፈት ቤትዎ ፈቃድ እንዲያወጣ ማስታወቂያ ወጣ። በሰሌዳው ላይ ግን ምንም አልደረሰበትም፤ እንዲያውም ቀለሙ ታድሷል።

በእኔም ላይ ምንም አልደረሰብኝም። የቤት ሥራውን ያወጣሁ፣ ማርክ የሰጠሁ፣ የለጠፍኩ እኔ ሆኜ ሳለ ሲቀጡ የዘለሉኝ ቅጥሬ ቋሚ ስለሆነ ይመስለኛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ አህያው እኔ መሆኔን ለማመን አላፍርም፣ እባክዎ ዱላውን ወደ ትክክለኛው ጀርባ ያዙሩት። የሥራ ባልደረቦቼ «ዝም አይነቅዝም» ብለው መክረውኛል። ምክራቸውን ተቀብዬ ዝም ልል ስል የልጅቷ እናት ደወሉልኝ።

«መምህር፣ ልጄ ምን ሰርቃ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ» አሉኝ። ምንም አልሰረቀችም፣ ጥያቄ ጠይቃ ነው አልኳቸው። እናቲቱም «ታዲያ እንድትጠይቅ አይደል የላክናት?» አሉ። ክቡርነትዎ፣ ለአንዲት እናት ልጅዎ ሌባ ናት ብሎ ማሳመን የሚቀልበት፣ ልጅዎ ተማሪ ናት ብሎ ማስረዳት የሚከብድበት ቤት ውስጥ ደመወዝ መቀበሌ አናዶኛል፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ ትንሽ ነገር እለምናለሁ። የልጅቷ እገዳ ይነሳ፤ መከሰስ ያለበት ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ። ኃላፊዋ ወደ መጻሕፍታቸው ይመለሱ፤ ከተመለሱም ቆመው ያስተምሩ። ለ96ቱ ደግሞ ከካርቶኑ ሌላ ምንጭ ካለዎት ሰኞ ይዘውት ይምጡ፤ እውነት ሆኖ ከተገኘ ዋናው በር ላይ ቆሜ፣ ሰሌዳውን እንደ ጃንጥላ ተጠልዬ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ስብሰባዎን ያሳጥረው፣ በአዳራሽ የሚያጨበጭብልዎን ያብዛልዎ፣ ከሚያጨበጭቡት መካከልም አንድ የሚጠይቅ አያሳጣዎ እያልኩ፣

በከፍተኛ አክብሮትና በዝቅተኛ ተስፋ እሰናበታለሁ፤

የምርምር ዘዴው መምህር፣
ከታችኛው ፎቅ፣ ጣሪያው ከሚያፈሰው ክፍል

ግልባጭ፦
ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ፣ መጋዘን
ለግዥ ክፍል፣ መጻሕፍቱን በመንገድ ላይ ካገኛቸው ይዟቸው እንዲመጣ

ከፊርማው በታች የታከለ፦ የሰኞው ስብሰባ በቢሮዎ እንደሚካሄድ ሰምቻለሁ፤ ሰፋ ያለ አዳራሽ ቢፈለግ ይሻል ይመስለኛል። የልጅቷ ወንድም ጽሑፏን አንብቦ ከቤት ወጥቶ አብረውት የተመረቁትን አንድ በአንድ እየዞረ ጠይቋል፤ ከቀሩት አራት በመቶ ውስጥ ነኝ የሚሉት ሁሉ እህቱን ለማጀብ ይመጣሉ። እስከ ትናንት ድረስ እንመጣለን ያሉትን እንኳ ቢሮዎ ቀርቶ ኮሪደሩም አይችላቸውም። ደግሞም ክቡር ዲን፣ እያንዳንዳቸው ሥራ ያጣሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ያስቡ ነበር።