ቀልጦ ሄዶ በብረት ስለ ተመለሰልን የማርሽ ጥርስ

ለተከበሩ ጓድ የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ የኮኪት አምራች ማኅበር አባላት፣ ሰማዩ በሽንፋ በኩል መጥቆር ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ ከማጣታችን በቀር ደህና ነን። ለእርስዎም የቢሮዎ ጥላና ነፋስ እንዳይጓደልብዎ እንመኛለን።

ያለን አንድ ትራክተር የማርሹ ጥርስ ተሰብሮ በቆመ ጊዜ፣ ክፍልዎ ያስመጣው አዲስ መሣሪያ የዕቃውን ገጽ በመርፌ እየዳሰሰ፣ ጉብታና ስርጉዱን ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ከቁጥሩ አምሳያውን እንደሚያወጣ በስብሰባ ነግረውን ስለነበር፣ ማርሹን በደስታ ላክን። ባገራችን ደንብ ስባሪ ዕቃ ለሠሪ የሚላከው የጎደለው በሰም ተሞልቶ ነውና፣ ጥርሱን በሰም የሞላሁት እኔው ነኝ። በመተማ ፀሐይ ሰም በሎሪ መላክ የኛ ሞኝነት ነው፤ አንክድም። ሾፌራችን አዱኛ ግን ሲያስረክብ ሰሙ መቅለጡን ተናግሮ ነበር። «መሣሪያው አይሳሳትም» ተብሎ ተመለሰ።

ስለዚህ ምስጋናችን እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ ቀልጦ እንደ ላም ጡት የተንጠለጠለውን ጥርስ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀር፣ በጠንካራ ብረት ሠርታችሁ ስለላካችሁልን።

፪ኛ፦ የአውራ ጣቴ አሻራ ሳይቀር ብረቱ ላይ ወጥቷል። ቀበሌያችን መታወቂያዬን ቢያዘገይብኝም፣ ከእንግዲህ ማንነቴን በማርሽ አስመሰክራለሁ።

፫ኛ፦ ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል የሚል ማኅተም ስላለበት አዱኛ አምኖ ገጠመው። ሲያስነሳው የደህናዎቹን ማርሾች ጥርስ ሁሉ አራገፈው። አሁን ሁሉም እኩል ሆነዋል፤ እኩልነት ደግሞ የአብዮታችን ዓላማ ነው።

፬ኛ፦ ንዴቴ ቀደመኝና አራተኛውን ረሳሁት፣ ጓድ። ዋልካ አፈር አንዴ ከራሰ ትራክተር ይውጣል፤ ሳይርስ ካልታረሰ ማሽላም ሰሊጥም የለም። ከወሎ የወረዱት የቀን ሠራተኞች እንኳ ሁኔታችንን አይተው ወደ አብደራፊ ሄደዋል። እኛስ ወዴት እንሂድ? በየማለዳው ማሳው ዳር ቆሜ አፈሩን እጨብጣለሁ፤ ልጆቼ የከርሞን ክረምት ምን በልተው እንደሚያልፉት አላውቅም። ጨንቆኛል።

ለእርስዎና ለማይሳሳተው መሣሪያዎ ዕድሜና ጤና ከመመኘት የማትቦዝነው፣ አሻራዋ በክፍልዎ የሚገኝ፣

ውባንች እንግዳው
ከኮኪት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ዝናቡ ወረደ፤ ሌላ ጥርስ ለመላክ አይቸኩሉ። የእህል ኮታ ሰብሳቢ ጓዶች በመኸር ሲመጡ፣ ከእርስዎ በተማርነው ታማኝነት፣ ጦም ያደረውን ማሳችንን ልክ እንዳለ፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ እናስረክባቸዋለን።