ፍልሰታን የጾመ መዘውር

ደብረ ታቦር፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

በደብረ ታቦር ብርድ አሳድጌ ለድሬዳዋ ሙቀት ለሰጠኋት ልጄ፣ ለትርንጎ ይሻው፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ በክረምቱ ትንሽ አጉረመረመ እንጂ አልከዳኝም። ድንቹ ወጥቷል። ወደ ጉና በኩል ያለው ገብስ አምሯል፣ ውርጭ ካልቀደመን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እናትሽ ፍቅርተ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የምትወደው ዓይነት ግንባረ ቦቃ ናት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ይርጋ ነው፤ ጭነት ይዞ እስከ እናንተ ዘንድ ይወርዳል። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን መስመሩ እንደምታውቂው ነው፤ ሲገኝም "ይሰማል? ይሰማል?" ስንባባል ያልቃል። ደግሞ ይህ ነገር እየጮኹ የሚነገር አይደለም።

ነገሩ ስለ መዘውርሽ ነው።

አልጣልኩትም። ስትሄጂ "አባባ፣ ማግኔቶቹን ፈትተው ለልጆች ይስጧቸው" ብለሽኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ያ የቢስክሌት ቸርኬ፣ ከተሰበሩ ስፒከሮች የፈታሻቸውን ማግኔቶች ዙሪያውን እንደ ጥርስ እንደ ደረደርሽበት፣ እናትሽ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ከረመ። ባየሁት ቁጥር ያ የሰንበቴ ቀን ይታወሰኛል። ማኅበርተኛችን ሲሳይ በስልኩ ያንን ቪዲዮ አሳየን፤ ያለ መብራት፣ ያለ ናፍጣ፣ ማግኔት ብቻ እየገፋው የሚዞር ሞተር። "ትርንጎ የተቃጠለ ሞተር በአዲስ ሽቦ ትጠቀልል የለ፣ ትሥራልን" አሉ። በጋውን ሙሉ ደከምሽበት። ከዚያ ሰንበቴው ፊት አምጥተሽ ገፋ አደረግሽው፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። "ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፤ ካልገፉት ይቆማል" አልሽ። ሲሳይም "አልቻልኩም ማለት ሲገባት ማግኔቱን ታማለች እንዴ!" አለ። ሳቁ። "ሴትና ሞተር" ያለም ነበር፤ ስሙን አልጠራልሽም። ከፋሲካ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ሄድሽ። ለሥራ ነው የሄድኩት ብለሻል። ይሁን።

አሁን አንቺ ያላየሽውን ልንገርሽ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሲሳይ ከሐሙሲት መጣ፤ አንድ ዕቃ እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ ይዟል። ሰንበቴው ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጋቢውን ገለጠ። ያንቺን የመሰለ መዘውር ነው፤ ያማረ ቀለም የተቀባ፣ ወፍራም ጣውላ ላይ የተተከለ። በጣቱ ነካ አደረገው። ዞረ፤ አልቆመም። ጠላው ተቀዳ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ተበላ፤ እሱ እንደ ንብ እምም እያለ ይዞራል። እልል ተባለ። እኔም በልቤ "ልጄ ተሳስታ ኖሯል" አልኩ። ይህን የምጽፍልሽ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ሲሳይ "ይህ ናሙናው ነው" አለ። "ትልቁን፣ ወፍጮ የሚያዞረውን፣ ሻጮቹ ያመጡልናል። የቤተ ክርስቲያኑን ባሕር ዛፍ ሸጠን እንክፈል። መብራት ጠፋ ብለን እህል ተሸክመን መንከራተት ያበቃል።" የትኛው ባሕር ዛፍ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እናትሽ አንቺን አዝላ ከወንዝ ውሃ እያመላለሰች ያጸደቀችው ነው።

መምህር ትእዛዝ፣ ያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውና ከአጥራችን ማዶ የተከራየው፣ ተነሣ። "ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለ። "ማግኔት ሲስብ የሰጠውን ሲያላቅቁት መልሶ ይወስዳል። ከጉና ወርዳችሁ እንደገና ወደ ጉና ብትወጡ፣ ቁልቁለቱ ያቀለለላችሁን አቀበቱ ይቀበላችኋል። ትርፍ የሚባል የለውም።"

"ለእኔ አቀበቱ ብቻ ነው የደረሰኝ!" አለች ጎረቤታችን ውዴ፣ ጠላ እየቀዳች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሲሳይ አልሳቀም። "መምህር፣ እርስዎ የሚያውቁት ፈረንጅ የጻፈልዎትን ነው። ነዳጅ ሻጭ ይህን ይጽፍልዎታል? ጋፋት ላይ ብረት ቀልጦ መድፍ የተሠራበት አገር ሰዎች ሆነን አንድ መዘውር ይቸግረን? በዓይናችሁ እያያችሁት ነው፤ የማይበላ፣ የማይጠጣ ሠራተኛ!"

የጋፋት ነገር ሲነሣ ደም ይሞቃል፤ የእኔም ሞቋል። ውዴ ግን ማሰሮዋን አስቀመጠችና ምን አለች መሰለሽ፦ "ሳይበላ የሚሠራ ከሆነማ ይጹም እስቲ! ፍልሰታ እየገባ አይደል? እኛ ስንጾም እሱም ይጹም።"

ሰው ሲስቅ እኔ ተነሣሁ። ሰው መሐል መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ያንቺ ቀን ዝም ማለቴን ግን ያን ጊዜ አስታወስኩ። "ውዴ ቀልዳ ይሆናል፣ ግን ልክ ናት" አልኩ። "የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አንድ ሰው ብቻውን እንዳይገባ በሦስት ቁልፍ ይዘጋ የለ? የሰንበቴውን ጓዳ እንደዚያ እንዝጋው። መዘውሩ እየዞረ ይግባ፤ ጾሙ ሲፈታ እየዞረ ካገኘነው ባሕር ዛፉን እኔው በመጥረቢያዬ እጥላለሁ። የልጄም መዘውር አብሮ ይግባ።"

"የትርንጎ ደግሞ ምን ያደርጋል? እሱ ይቆማል!" አለ ሲሳይ።

"እሷም ይቆማል ነው ያለችው" አልኩት።

አንዱን ቁልፍ አባ አስናቀ ያዙ፣ አንዱን መምህር ትእዛዝ። ሦስተኛውን ለእኔ ሊሰጡኝ ሲሉ "በነገሩ ልጄ አለችበት፤ ለሲሳይ ስጡት" ብዬ መለስኩ። ጾሙ ሲገባ ሁለቱንም ገፍተን አስገባንና ተቆለፈ።

ያንቺው መዘውር ሰው ከግቢው ሳይወጣ ቆመ። ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው የሚያዳምጡት "አያ ይሻው፣ የልጅዎ መዘውር በመጀመሪያው ቀን ጾሙን ገደፈ!" አሉኝ። እኔም ሳቅሁላቸው፤ ከአንገት በላይ ነበር። የሲሳይ ግን በማግስቱም እምም ይላል፣ በሠለስቱም። ከቅዳሴ ስንወጣ ሰው ቤቱ ከመሄዱ በፊት ጓዳውን ሳያዳምጥ አያልፍም። ሲሳይ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል።

እኔስ? ውዳሴውን እያደረስኩ ጆሮዬ ወደዚያ ጓዳ ይሄድብኝ ጀመር። ለንስሐ አባቴ ለአባ አስናቀ ነገርኳቸው። "አባ፣ ልጄ ትክክል እንድትሆን እመኛለሁ። ደግሞ መዘውሯ በተአምር ተነሥቶ እንዲዞር እመኛለሁ። ሁለቱ ባንድ ልብ አይገጥሙም። ይህ ኩራት ነው ወይስ ትዕቢት?"

እሳቸውም "ትዕቢት 'የእኔ ናት' ይላል፤ ኩራት 'ተሰጠችኝ' ይላል" አሉኝ። "አንተ የትኛውን ነው የምትለው?"

"እንጃ አባ።"

"እንግዲያው መዘውሩን ተወውና አንተ ጹም" ብለው ሳቁብኝ።

ለቡሄ ጥቂት ሲቀረው ድምፁ ቀጠነ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ሲሳይ "ኩሽኔታው ተሟሽቶ ነው፤ ለስልሶ ነው እንጂ እየዞረ ነው" አለ። ግማሹ አመነው። እኔም ላምነው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጾሙ በተፈታ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም ቁልፎች መጡ። ሲሳይ ቁልፉ አልገባ ሲለው መምህር ትእዛዝ ያዘለት። በሩ ተከፈተ። ሁለቱም ቆመዋል። ባንቺው ቸርኬ ሽቦዎች መካከል ሸረሪት ድሯን አድርታ ጨርሳለች።

መምህር ትእዛዝ የሲሳይን መዘውር ገለበጠና ከሥሩ ያለውን ጣውላ በቢላ ፈለቀቀው። ጣውላው ውስጡ ተቦርቡሮ ባትሪ ተቀብሮበታል፤ ሽቦው በእግሩ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል።

"ለካስ ጓዳ ገብቶ እየበላ ነው ሲጾም የከረመው!" አለች ውዴ፤ ሰው ግን አልሳቀም፤ ሁሉም የሚያየው ሲሳይን ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። "በሬዬን ሸጬ ነው የገዛሁት" አለ ቀስ ብሎ። "አልገለበጥኩትም። ለምን ብዬ እገለብጠዋለሁ?" አንዳንዱ ዱላውን ጠበቅ ሲያደርግ አባ አስናቀ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ገቡ። እኔ አይቼዋለሁ፣ ልጄ፤ የአታላይ ፊት አልነበረም። የተታለለ ሰው ፊት ነበር።

ከዚያ አንዱ ከኋላ "የትርንጎም ይገለበጥ!" አለ።

ራሴ አነሣሁት። ሸረሪቷን በእጄ መዳፍ ወደ ግድግዳው አሻገርኳትና ገለበጥኩት። ንጹሕ የዋንዛ እንጨት ብቻ ነበር፤ የመሮሽ ምልክት እንኳ በደንብ ይታያል። ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አገላብጠው አዩት፤ ሽማግሌዎቹ በጥፍራቸው ቆረቆሩት። ወደ አባ አስናቀ ሲደርስ "ይህች ልጅ ይቆማል አለችን፤ ቆመ" አሉ። "የሳቅነው እኛ ነን።"

ልጄ፣ ሙያሽን ተምረሽ ስትመረቂም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሞተር ጠግነሽ ሲነሣም ደስ ብሎኛል። እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም። የቆመ መዘውር ታቅፌ፣ ሰው ግራና ቀኝ እየለቀቀልኝ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ። ለሰው ሁሉ የሚዞር ነገር ሰጥተሽ ስም ማትረፍ ትችይ ነበር። ባትሪ መደበቅ እንደሆነ ካንቺ በላይ ማን ያውቅበታል? አላደረግሽውም። ይህን ከማን እንደተማርሽው እንጃ፤ ከእናትሽ ይሆናል።

ባሕር ዛፉ ቆሟል። ሲሳይ ሰሞኑን ቤት መጥቶ ሽሮ አብረን በላን። "ትርንጎ ትቀየመኝ ይሆን?" አለኝ። "እሷን ጠይቃት" አልኩት። ሊወጣ ሲል ደግሞ ስልኩን አውጥቶ "አያ ይሻው፣ ይኸኛው ግን እውነት ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ሌላ ቪዲዮ አሳየኝ። ምን ይደረግ! ዓይኑ እንደ ልጅ ነው የሚያበራ።

ለመስቀል ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ የወፍጮው ሞተር ተቃጠለ። ሰንበቴው "ለትርንጎ ይጻፍላት፤ ካልሆነላት ደግሞ እንዴት እንደሚጠቀለል ትንገረን" ብሎ ላከኝ። መጀመሪያ ስምሽን የጠራው ያ "ሴትና ሞተር" ያለው ነው። መልእክቱን አደረስኩ፤ እኔ አልወተውትሽም። መንገዱም እንደምትሰሚው ነው፣ ሥራሽም ሥራ ነው።

መዘውርሽ ወደ እናትሽ ሣጥን ተመልሷል። ሲመሽ ከብቶቹን ካስገባሁ በኋላ በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። ድምፁ የእሷን እንዝርት ይመስላል። አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ስጀምር ይዞራል፤ ጸሎቱ ሲያልቅ፣ እንዳልሽው፣ ይቆማል። ቤቱም አብሮት ዝም ይላል። ያን ጊዜ ተነሥቼ እንደገና እገፋዋለሁ።

የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ እጅሽን ከእሳትና ከኤሌክትሪክ ይጠብቅልኝ። አንደበትሽን እንደዚያ ቀን ያጽናው። በሰው አገር የሚያምንሽ ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ ይሻው

ለጥጃዋ ገና ስም አላወጣሁም። ስታዪያት ታወጪላታለሽ።