በቢሮዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለሚገኘው ጡሩምባችን

ለክቡር አቶ ዳግማዊ፣
የከተማችን የጎርፍና የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት ግብረ ኃይል ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? ከፎቅ ላይ ሆኖ ወንዛችንን ቁልቁል የሚያየው አዲሱ ቢሮዎስ? እኛ የታች ሰፈር ነዋሪዎች፣ ከጎደለው ሰው በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። በየግድግዳችን ላይ የጭቃው ምልክት እስከ ደረት ድረስ አለ፤ እሱም ቢሆን ነሐሴ ሲጋመስ እየደረቀ ነው።

እኔን እንደሚያስታውሱኝ አምናለሁ። ዓምደሚካኤል ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የታች ሰፈር እድር ዳኛ። እርስዎም በዚሁ ሰፈር ተወልደው፣ በዚሁ ወንዝ ዋና ተምረው፣ ዛሬም በእድራችን መዝገብ ስምዎ ያለ ልጃችን ነዎት። ይህን የማነሣው በግንቦት ወር ሊያነጋግሩን ሲመጡ ለምን ያለ ጥያቄ እንዳመንንዎት የዚህ ግልጽ ደብዳቤ አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው። እንግዳ ቢሆኑ ኖሮ ጥቂት እንጠይቅዎት ነበር።

እንግዲህ ለተደረገልን ሁሉ በየተራ እንዳመሰግን ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስላከፋፈሉን ባለቀለም መመሪያ እናመሰግናለን። ከየት አገር እንደተቀዳ ባይጻፍበትም፣ አውሎ ነፋሱ ከመድረሱ በፊት ከባሕር ዳርቻ ቢያንስ አምስት ኪሎ ሜትር እንድንርቅ፣ ጀልባዎቻችንን አጥብቀን እንድናስርና መስኮቶቻችንን በጣውላ መትተን እንድንዘጋ በዝርዝር አስተምሮናል። ቡና ከመልቀምና ከማስጣት በቀር ሌላ የማያውቀው ሰፈራችን የሚያስረው ጀልባ ባይኖረውም፣ ከባሕሩ ግን መመሪያው ካዘዘው ከመቶ እጥፍ በላይ ርቆ በመገኘቱ ራሱን ዝግጁ አድርጎ እንደቆጠረ በትሕትና እገልጻለሁ። ስለ ወንዝ የሚናገረውን ገጽ ፈልገን አጣነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጡሩምባው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ የእድራችን ጡሩምባ ሁለት ሥራ ነበረው። ረጅም ሲነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር ተደርጎ ሲነፋ ደግሞ ወንዙ መጣ፣ ልጅና ሽማግሌ ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ ማለት ነው። ከወንዙ ራስጌ ካለው የቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሚሠራው ፋሂም፣ ውኃው የማጠቢያ ገንዳውን አፍ ሲነካ ለጡሩምባ ነፊያችን ለሸኩር ይደውላል፤ ሸኩርም ይነፋል። ውኃው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ለሰውም ያ ይበቃዋል። ስልክ ባልነበረበት ዘመን አባቶቻችን በሯጭ ያደርጉት የነበረ ነው።

እርስዎ ግን ጡሩምባ የሞት ድምፅ በመሆኑ ሕዝብ ያሸብራል፣ ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያም ያደናግራል፣ ከእንግዲህ የሚሰማው የግብረ ኃይሉ ሜጋፎን ብቻ ነው ብለው አስረዱን፤ ጡሩምባውንም በፊርማ እንድናስረክብ ጠየቁን። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሸኩር በፎጣ ጠቅልሎ ሰጠኝና ፊቱን አዞረ። እኔም በየቤቱ ዞሬ፣ በወሬ ከቤታችሁ እንዳትወጡ፣ ሜጋፎኑን ጠብቁ፣ ዳግማዊ የራሳችን ልጅ ነው አልኩ። ለዚህ አገልግሎቴ የምስጋና ወረቀት እንደሰጡኝ አልረሳሁም፤ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬው ነበር፣ ጎርፉ ወስዶታል።

የሚቀጥለውን «ሦስተኛ» ብዬ ከምስጋናው ተራ ላስገባው አስቤ እጄ እምቢ ስላለኝ ያለ ቁጥር እጽፈዋለሁ።

ሐምሌ አሥራ ስድስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋሂም ደወለ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ አይሠራም። ሸኩር ወደ ቢሮዎ ሮጠ። ጥበቃው ሜጋፎኑም ጡሩምባውም ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈባቸው፣ ቁልፉም ከእርስዎ ጋር ጂማ እንደሄደ ነገረው፤ እንስበረው ቢለው በንብረት እጠየቃለሁ ብሎ ለመነው። እርስዎ በዚያ ሰዓት ስለ ጎርፍ ዝግጁነት በሚሰጥ የሦስት ቀን ስልጠና ላይ ነበሩ፤ ስልክዎንም፣ ሥርዓት አክባሪ ስለሆኑ፣ ዘግተውት ነበር። ሸኩር ተመልሶ በር ለበር እየደበደበ ጮኸ። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አሥራ አራት ቤት አዳረሰ፤ በአሥራ አምስተኛው ላይ ውኃው ቀደመው።

ከዚያ በታች የነበረው የአዴ ማሂራ ቤት ነው። አዴ ማሂራ አርባ ዓመት ሙሉ በየመጋዘኑ ቡና ሲለቅሙ የኖሩ እናት ናቸው፤ እርስዎም በልጅነትዎ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆሎ ሳይዘግኑ ደጃቸውን አልፈው አያውቁም። የልጅ ልጃቸው ሩፈይዳ የሸኩርን ጩኸት ከሩቅ ሰምታ እንውጣ ብላ እጃቸውን ይዛ ነበር። የመለሱላትን ነግራኛለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ዓምደሚካኤል ሜጋፎኑን ጠብቁ ብሏል እኮ። አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ሲናገሩ እመጣለሁ፤ ኢንሻአላህ ይናገራሉ።»

ሩፈይዳ ቀድማ ወጣች። አዴ ማሂራን በማግስቱ ከቡና ዛፎቹ ሥር አገኘናቸው። ሞታቸውን የሚነግር ጡሩምባ ስላልነበረን ሸኩር ባዶ እጁን በየደጁ እየቆመ ተናገረ፤ ሳይሰማ ቀብሩ ያለፈው ሰው ብዙ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ውኃው እንደ ወትሮው ነው የመጣው፤ በእሱ አልከፋንም። የከፋን በእርስዎ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚለውን ተረት አባቶቻችን በከንቱ አልተውልንም፤ የረሳነው እኛ ነን። ከእርስዎም ይልቅ በራሴ አዝናለሁ፤ የሰፈሩን አፍና ጆሮ በአንድ ፊርማ አሳልፌ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ሩፈይዳ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታ አትነፍገኝም። የሚከብደኝ እሱ ነው።

በመጨረሻም፣ ከጎርፉ ሳምንት በኋላ እንግዶች ይዘው መጥተው ስለ ግብረ ኃይሉ ፈጣን ምላሽ በሜጋፎኑ ንግግር ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ድምፁ እጅግ ጥሩ ነው፤ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ለእንግዶቹ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሲያስጎበኙም ጡሩምባችን «ባህላዊ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ አቧራው ተጠርጎ አይቼዋለሁ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ወንዙም ስልጠና አይሄድም። የምንለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጡሩምባችንን ይመልሱልን። ለመቀበያውም ለመፈረም ዝግጁ ነኝ፤ መፈረም እንደማያቅተኝ ያውቃሉ።

ከፎቅዎ በታች፣ ከወንዙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኜ፣ የቁልፍዎን ጤንነት ዘወትር የምመኝ፣

ዓምደሚካኤል
ሰፈሩ ሌላ ሰው እስኪመርጥ ድረስ የታች ሰፈር እድር ዳኛ

ማስታወሻ፦ የእድራችን ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ የማንኛውም አባል ሞት በጡሩምባ ይነገራል ይላል፤ እርስዎም አባላችን ነዎት። ዕድሜዎን ያርዝመው እንጂ፣ ቀኑ ሲደርስ ጡሩምባው እንደተቆለፈበት ከሆነ ማን ይናገርልዎታል ብዬ ተጨንቄ ሸኩርን አማክሬዋለሁ። በር ለበር ዞሮ እንደሚናገርልዎ ቃል ገብቷል፤ አሥራ አራት ቤት ያህል ማዳረስ ይችላል።