ቦይናው ጠምቶታል

ለማልረሳህ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ የጨጓራህ ነገር ወደ በዴሳ ከተዛወርክ ወዲህ ተሻለህ? እናትህስ ደህና ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ሶዶ ከፋሲካ ወዲህ ዝናቡ አላባራም፤ ከዳሞት ተራራ የወረደው ጭቃ እስከ ትምህርት ቤታችን በር ደርሷል። በስልክ ያልጻፍኩልህ ስልክህን ሌላ ሰውም ያየዋል ብዬ ነው። ማን እንደሆነች አንተ ታውቃለህ።

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ጦና ትናንት ጠርቶኝ ደውለህለት እንደነበር ነገረኝ። በዚህ ሁሉ ዝናብ አፈሩ ውስጥ ያለው ሴንሰር ለምን ቦይናው ጠምቶታል ይላል ብለህ ጠየቅከው አሉ። ተበላሽቶ ከሆነ ግንኙነቱን ቁረጠው አልከው። የእኔ ቁጥር ጠፋብህ? ያንን ነገር የሠራነው እኔና አንተ ነን እንጂ ጦና አይደለም።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ሴንሰሩን በትምህርት ቤቱ ጓሮ መደብ፣ ከቦይናው፣ ከዚያ ከጎደሬው ሥር የቀበርከው አንተ ነህ። አፈሩ ሲደርቅ መረጃው ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ገጻችን ይሄዳል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው በኦንላይን ክፍላችን ማስታወቂያ ሆኖ ይወጣል፤ ለልጆቹም፣ ለእኔም፣ ለአንተም እኩል ይደርሳል። ተረኛው ጀሪካኑን ይዞ ይሮጣል። ገጹንና ክፍሉን ስታገናኛቸው ከጎንህ ተቀምጬ ቆሎ ስቆረጥም ነበር። ቃሉን ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንተ የአፈር እርጥበት ዝቅተኛ ነው ልትል ነበር። «ልጆች፣ ቦይናው ጠምቶታል፤ ማነው የሚደርስለት?» ያልኩት እኔ ነኝ። ስቀህ ስቀህ እንባህ መጣ።

አሁን በዴሳም ተክላችኋል አሉ፣ አንተና መምህርት ሚስጥር። ይሁን፣ ልጆች ይማሩበት። ግን ጦና እናንተ ዘንድ መጥቶ ሳለ ፎቶ አንስቶ ኖሮ አሳየኝ፤ የእኔ ቃል፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል፣ በእሷ ክፍል፣ በእሷ ስም ወጥቷል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ቆንጆ ናት አሉ፤ ጸጉሯም ረጅም ነው አሉ። ምን አገባኝ ብዬ ሆዴን ብመክረው አልሰማ አለኝ። ቀንቻለሁ፣ ይኸው ተናገርኩት። ሴንሰሩንም ኮዱንም ውሰድ፤ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን መልስልኝ። ለእሷ ሌላ ጻፍላት፤ ወይም ራሷ ትጻፍ፣ መምህርት አይደለችም እንዴ?

ስለ ብልሽቱ ደግሞ፣ ጦና ምንም እንዳይቆርጥ ነግሬዋለሁ። አንተም ከሶዶው የኦንላይን ክፍል እንዳትወጣ። ባለፈው ተረኛው ልጅ በዶፍ ዝናብ ጀሪካን ይዞ መጥቶ መደቡ ኩሬ ሆኖ ሲያገኘው ስቆ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ማስታወቂያውን ትተውታል። ሴንሰሩ ግን ደህና ነው። አፈር ውስጥ ሆኖ አንድም ቀን አልዋሸም። በዝናብ መሃል ጠምቶታል የሚለው፣ አንድ ሰው ከጭቃው ነቅሎ በነጠላው ጫፍ ካደረቀው ብቻ ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ጦናን አትጠይቀው፤ እሱ አያውቅም።

እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ፤ እናትህን ያቆይልህ። ከበዴሳ ሶዶ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ አይጠፋም።

ቃሉን የጻፈችው
የሶዶዋ ባልደረባህ